ከልጆች ኮሚክ ወደ ጨለማው ጀግና፦ ከአንባቢ ገንዘብ አሰባስቦ ለማሳተም

የመጀመሪያው ጨለማ ኮሚኬ ለደጋፊዎች በተላከ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ጻፈችልኝ። ከዚያ በፊት የሠራኋቸውን የልጆች ኮሚኮች ለልጇ ስትገዛ የቆየች ሰው ናት። አዲስ ሥራ መጀመሬን ስታይ ዝርዝሩን ሳታነብ ስሜን ብቻ አምና ከፈለች። ፖስታው ሲደርስ የከፈተው የሰባት ዓመት ልጇ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አስከሬን አለ። «ሁለት ሌሊት መብራት ሳናጠፋ ነው ያደርነው» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «ለአዋቂዎች» የሚለውን ቃል ጽፌዋለሁ፤ ግን ከታች፣ በትንሹ፣ ከመላኪያ ዋጋው ሥር። ይህን የምጽፈው ከሳቅና ከተረት ኮሚክ ወጥታችሁ ከበድ ያለ የጀግና ታሪክ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ገንዘቡንም ከአንባቢ አስቀድማችሁ ለመሰብሰብ ላሰባችሁ ነው። ሰው ገና ላላየው መጽሐፍ ሲከፍል አደራ እየሰጣችሁ ነው። ገንዘቡ አደራ ነው፤ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚደርሰው የነገራችሁትም አደራ ነው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።

ጨለማው ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ ኮሚክ ለረጅም ጊዜ ጨለማ አይፈቀድም ነበር። በ1954 (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዷቸው) አሳታሚዎቹ የኮሚክስ ኮድ የሚባል ደንብ አወጡ፤ በዚያ ደንብ በየታሪኩ መልካሙ ክፉውን ማሸነፍ ነበረበት። በ1986 ዲሲ የሚባለው የኮሚክ አሳታሚ ማሳተም የጀመራቸው ሁለት ሥራዎች ጀግናን የሚያረጅ፣ የሚጠራጠር፣ የሚያጠፋም ሰው አድርገው አሳዩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን ከነዚያ ሥራዎች ደሙንና የተኮሳተረውን ፊት ብቻ ወሰዱ። ዛሬም «ጨለም ያለ ጀግና» ሲባል ብዙ ጀማሪ የሚያስበው ጥቁር ካባ፣ ዝናብና የተሰበረ ጥርስ ነው።

እኔ የምመክራችሁ አንድ ጥያቄ ነው። ኃይሉ ባለቤቱን ምን ያስከፍለዋል? የእኔ ጀግና በእጁ የነካው ሰው ሁሉ እውነቱን ይናገራል። እናቱን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነክቷት አያውቅም፣ ስለ አባቱ የምትነግረውን መስማት ስለሚፈራ። ይህን አረፍተ ነገር ለሰው ስነግር ሁሉም «ታዲያ በመጨረሻ ነካት?» ይሉኛል። ደም አልጠቀስኩም፤ ግን ታሪኩ ጨለማ መሆኑ ገብቷቸዋል፣ ቀጥሎ የሚሆነውንም ማወቅ ይፈልጋሉ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ የሚያስፈልጋችሁ እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ነው። እስኪገኝ ድረስ ሌላ ነገር አትጀምሩ።

ጥሩ ምሳሌ ክዋንዛ ኦሳጄፎና ጓደኞቹ በ2016 በኪክስታርተር (ገና ላልወጣ ሥራ ከሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ያወጡት «ብላክ» ነው። ሐሳቡ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል፦ ልዩ ኃይል ያላቸው ጥቁሮች ብቻ ቢሆኑስ? ታሪኩ የሚጀምረው ፖሊስ ተኩሶበት ከተረፈ ወጣት ነው። የጠየቁት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከ90 ሺህ በላይ አገኙ። ጨለማው ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፣ ሰዎቹ ከሚኖሩበት አገር የወጣ ነው። እናንተም ከምታውቁት ጀምሩ። ሌሊት የምትጠብቁት በር፣ ቤተሰብ የማያወራው ነገር፣ ተሰዶ የተመለሰ ሰው ዝምታ፣ ከዚህ ሁሉ ጀግና ይወጣል።

በአማርኛ ከጻፋችሁ

ይህን ሌላ ቦታ ስለማታገኙት ትንሽ ልቆይበት። ኤታን ኮሚክስ የሚባለው አሳታሚ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቶ በሁለት ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል አሳይቶናል፤ ሃዊ የምትባለዋን ጀግና ደግሞ ለአንባቢ ያደረሰው በኪክስታርተር ነው። ስለዚህ መንገዱ ተጠርጓል። ግን ሁለት ቋንቋ ማለት ሁለት ጊዜ መሥራት እንደሆነ ከወዲሁ እወቁት።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ለጨለማ ታሪክ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። «ወንድምህን ትናንት ማታ ድልድዩ ሥር…» ብላችሁ በአንዱ ሳጥን አቁሙ፣ ገጹ ሲገለጥ «አየሁት» ወይም «ቀበሩት» በሉ። አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። እንግሊዝኛው ግሱን ቀድሞ ስለሚያወጣ ያው ሥዕል ላይ ያው ንግግር አይሠራም። የተለየ ንግግር መጻፍ ወይም ንግግሩ የሚጻፍበትን አረፋ እንደገና መከፋፈል አለባችሁ። ሥዕሉ ከማለቁ በፊት ሁለቱንም ጽሑፍ ጨርሱ የምለው ለዚህ ነው።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ጩኸትን የምታሳዩት በመጠን፣ በወፍራም ፊደልና በአረፋው ቅርጽ ነው። ቀላልና ወፍራም አማራጭ ያለው ፎንት ያዙ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ መነሻ ነው። ለትልልቅ ድምፆች ግን በእጅ መጻፍን የሚያህል የለም። ድምፁንም ከእንግሊዝኛ አትዋሱ፣ የኛ ቋንቋ በዚህ ሀብታም ነው። መብራት ሲጠፋ ድርግም፣ በር ሲዘጋ ድርግም፣ ሰው ሲወድቅ ዘጭ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ከሽ። እኔ «ድርግም» የሚለውን ቃል አንድ ሙሉ ጥቁር ገጽ ላይ ብቻውን ጽፌዋለሁ። ከመጽሐፉ ሁሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ያንን ገጽ ነው።

የት ነው የምትሰበስቡት?

ለኮሚክ በብዛት የሚሠራው ኪክስታርተር ነው። ግቡ ካልሞላ ማንም አይከፍልም፤ ከሞላ የደጋፊዎች ካርድ የሚቆረጠው ዘመቻው ሲያልቅ ነው። ኢንዲጎጎ ግቡ ባይሞላም የተገኘውን መውሰድ የሚያስችል አማራጭ ሲሰጥ የኖረ ነው። ይህ ለማተሚያ ቤት ገንዘብ አደገኛ ነው። ሦስት ሺህ አስፈልጓችሁ ስምንት መቶ ብታገኙ መጽሐፉን ማተም አትችሉም፣ ግን ባለዕዳ ሆናችኋል። ለመጀመሪያ ሥራ «ወይ ሁሉም ወይ ምንም» የሚለው ይሻላል።

ኪክስታርተር ላይ ዘመቻ ለመክፈት ከተፈቀዱት አገሮች በአንዱ ነዋሪ መሆንና እዚያ የባንክ ሒሳብ መኖር ግዴታ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስዊድንና ሌሎችም አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትስሉ ከሆነ ውጭ ካለ ሰው ጋር በሽርክና መሥራት ያስፈልጋል። ያ ሰው ዘመድ ቢሆንም እንኳ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ገንዘቡ የሚገባው በእሱ ስም ነው፣ ግብሩም የሚጠየቀው እሱ ነው፣ የመጽሐፉ መብት የማን እንደሆነ በቃል ብቻ ከተባለ ሲሸጥ ጠብ ይመጣል።

ለዘመዶቻችሁም ጉዳዩን አስረዷቸው። እኛ ጋ «ኦንላይን ገንዘብ እየሰበሰብኩ ነው» ስትሉ ሰው ወዲያው ጎፈንድሚ ይመስለዋል። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው የደወሉልኝ አሉ። እርዳታ እየለመናችሁ አይደለም። መጽሐፍ አስቀድማችሁ እየሸጣችሁ ነው። ይህን ልዩነት ካላወቁ አዝነው አሥር ዶላር ይሰጧችኋል፣ መጽሐፉን ግን አይፈልጉትም፣ ለሁለተኛው ዘመቻም አይመለሱም።

ሒሳቡ

ለምሳሌ 200 ሰው 15 ዶላር ከፈለ እንበል፣ መላኪያው በዋጋው ውስጥ ሆኖ። ጠቅላላው 3,000 ነው። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል፣ 150። የካርድ ክፍያው በአሜሪካ 3 በመቶና ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 ሳንቲም ነው፤ ያ 130 ይሆናል። 2,720 ቀረ። 300 ቅጂ እያንዳንዱን በ3 ዶላር ብታሳትሙ 900 ይወጣል። ፖስታ፣ ካርቶንና ቴምብር ለአንዱ 5 ዶላር ቢፈጅ አንድ ሺህ። 820 ቀረ። 24 ገጽ ቀለም የሚቀባ ሰው ለገጽ 30 ዶላር ቢጠይቅ 720። እጃችሁ ላይ 100 ዶላር ቀረ ማለት ነው፤ ጽሑፉና ሥዕሉ የእናንተ ከሆነ ለስድስት ወር ድካም ያገኛችሁት ያ ነው። ካርዳቸው ያልሠራ ሰዎችም ይኖራሉ። የማሳተሚያውንና የመላኪያውን ዋጋ እናንተ ካላችሁበት ቦታ ጠይቃችሁ ይህንኑ ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ለራሳችሁ ደመወዝም መስመር ክፈቱ፣ አትፈሩ።

መላኪያን ለብቻው፣ መጽሐፉ ሲደርስ መሰብሰብ ይሻላል። በዘመቻው ውስጥ ከሰበሰባችሁት ድርጅቱ ከመላኪያው ገንዘብም 5 በመቶ ይቆርጣል። ደግሞም መጽሐፉ እስኪታተም የፖስታ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ይህን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ ጻፉት፣ ሰው ሁለተኛ ክፍያ ድንገት ሲመጣበት አይወድም። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ አንድ ቀጭን ኮሚክ መላክ ከኮሚኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ለትንሽ ዕቃም ቫት አለ።

ኢትዮጵያ ላሉ አንባቢዎች ፒዲኤፉን በርካሽ አዘጋጁ። ታትሞ ለሚፈልግ ደግሞ የምናውቀው መንገድ አለ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍላል፣ መጽሐፉ በመንገደኛ ይላካል። ለዚህ «አምስት ቅጂ በአንድ ፖስታ» የሚል ምርጫ ክፈቱ። እኔ ስከፍተው ማንም የሚወስደው አልመሰለኝም ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው እሱ ሆነ።

የሽልማት ምርጫ አታብዙ። ዲጂታል፣ ታትሞ፣ ታትሞ ከፊርማ ጋር፣ ቢበዛ አንድ ውድ ምርጫ ከኦሪጅናል ሥዕል ጋር። በ2012 ሪች በርሉ የሚባል ሰው ኦንላይን የሚያወጣውን አስቂኝ ኮሚክ እንደገና ለማሳተም 57,750 ዶላር ጠይቆ ከ1.25 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ዘመቻው እያደገ ሲሄድ ቃል የገባቸው ተጨማሪ ታሪኮችና ሥዕሎችም አብረው አደጉ። በዚያው ዓመት እጁ ተጎዳ፤ ቃል የገባቸውን ሥራዎች ለማድረስ ዓመታት ፈጀበት።  የሁላችንም ሥራ በእጃችን ላይ ነው የተንጠለጠለው። ግባችሁ ሲያልፍ ለተጨማሪ ሥራ ቃል ከመግባት የወረቀቱን ጥራት ማሻሻል ይሻላል።

የዘመቻው ገጽና የድሮ አንባቢዎቻችሁ

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ከሁለተኛው ዘመቻዬ ጀምሮ የማደርገው ይህን ነው። የመጀመሪያው ምስል ላይ፣ ከርዕሱ ጎን፣ በስልክ እንኳ በሚታይ መጠን «ከ16 ዓመት በላይ» ተጽፏል። የልጆች ኮሚኬ አርማ ሽፋኑ ላይ የለም፤ ሌላ አርማ አለው። የድሮዎቹን የልጆች ኮሚኮች በዚህ ዘመቻ አልሸጥም፣ በአንድ ፖስታ አብረው ከሄዱ ልጅ እጅ ይገባሉ። ፖስታው ላይም ዕድሜው የተጻፈበት ተለጣፊ አለ። ለድሮ አንባቢዎቼ ደግሞ ዘመቻው ከመከፈቱ በፊት ለየብቻ ጻፍኩላቸው፦ ይህ ለልጆቻችሁ አይደለም፣ ለእናንተ ነው፣ የልጆቹ ሥራም አልቆመም። ብዙዎቹ «ደህና፣ እንጠብቃለን» አሉ። አንዳንዶቹ ለራሳቸው ገዙ። አንዳቸውም አልተከፉም።

ገጹ ላይ ካለቁት ገጾች አራት ወይም አምስት አሳዩ፣ ከነሱም አንዱ ከመጽሐፉ ሁሉ የከበደው ገጽ ይሁን። የሚያስደነግጠውን ደብቆ የሚያምረውን ብቻ ማሳየት አደራ መብላት ነው። በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሠራችሁት ነገር ካለ ኪክስታርተር ከ2023 ጀምሮ እንድትናገሩ ያስገድዳል። ቪዲዮው ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፤ ድምፃችሁን ብቻ ሰምተው ሥዕሉን ቢያዩ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ሥዕሉን ጨርሳችሁ ክፈቱ። ቢያንስ ከግማሽ በላይ። ለማሳተም ገንዘብ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፣ ለመሳል መሰብሰብ ሌላ ነው። ደጋፊ የሚጠብቀው ወር ባጠረ ቁጥር እናንተም እንቅልፍ ታገኛላችሁ።

ጨለማ ገጽ ሲታተም

ስክሪን ከውስጡ ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት ግን አያወጣም። ማታ ክፍላችሁን አጨልማችሁ የሳላችሁት ሰማያዊ ጥላ ታትሞ ሲመጣ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። የመጀመሪያ ናሙናዬ የመጣው እንደዚያ ነበር። ጀግናው ጥግ ላይ ቆሞ የሚያለቅስበት ሳጥን ላይ የሚታየው ባዶ ጥቁር ነው። ማተሚያ ቤቱ አላጠፋም፣ እኔ የላክሁትን አተመ።

ስለዚህ ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት ወደሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ቀይራችሁ ጥላዎቹን ከምታስቡት በላይ ፈካ አድርጉ። ጥቁርን በአራቱም ቀለም መቶ በመቶ አትሙሉት፣ ወረቀቱ ይጠግብና አይደርቅም፣ ወደ ሌላው ገጽም ይለጠፋል። ለሰፊ ጥቁር ቦታ በዚሁ ቅደም ተከተል 60፣ 40፣ 40ና 100 በመቶ በቂ ነው፤ ማተሚያ ቤታችሁ የሚፈቅደውን ከፍተኛ የቀለም መጠን ግን ጠይቁ። የአረፋ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ከጻፋችሁ ፊደሉን አወፍሩት፤ ቀለሞቹ ትንሽ ከተንሸራተቱ የ«ሕ»ና የ«ጭ» ቀጫጭን እግሮች ይደፈናሉ። የማያብረቀርቅ፣ ያልተሸፈነ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ይበልጥ ያጨልማል። ናሙናውን መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ጠይቁ፣ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ እዩት። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በአራት መካፈል አለበት፣ 24 ወይም 28፤ 26 ገጽ ታሪክ ካላችሁ አሁኑኑ አስቡበት።

መክፈቻው

አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። መሃሉ ጭር ይላል፣ አትደንግጡ። ኪክስታርተር እስከ 60 ቀን ይፈቅዳል፤ 30 በቂ ነው። ቅድመ መክፈቻ ገጽ ከሁለት ወር በፊት ክፈቱና ሰው «ሲጀመር አሳውቁኝ» የሚለውን እንዲጫን አድርጉ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «ሼር አድርጉልኝ» ማለት ብዙ አይሸጥም። የኢሜይል ዝርዝርና የቴሌግራም ቻናል ይሸጣል። በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ላይ ጠረጴዛ ብታገኙ፣ ባይሆንም አራት ገጽ በራሪ ይዛችሁ ብትዞሩ፣ ከሳምንት የኦንላይን ጩኸት የበለጠ ኢሜይል ትሰበስባላችሁ።

ለሃምሳ ሰው በስሙ ጻፉ። ለሁሉም አንድ መልእክት ገልብጦ መላክ ይታወቃል። «አንተ እንዲህ ያለ ታሪክ እንደምትወድ ስለማውቅ ማክሰኞ ጠዋት ሲከፈት እንድታየው እፈልጋለሁ» የሚል በቂ ነው።

ከዘመቻው በኋላ

ገንዘቡ ዘመቻው ካለቀ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይገባል። ወደ ሌላ ሒሳብ ለዩት። ማተሚያ ቤቱና ቴምብሩ እስኪከፈል ከእሱ ቤት ኪራይ አትክፈሉ። ቀለም ለሚቀባውና ፊደል ለሚያስገባው ሰው በውሉ ቀን ክፈሉ፣ ከእናንተ በፊት።

በየወሩ አንድ ጊዜ ለደጋፊዎች ጻፉ፣ ምንም ባይኖርም። መዘግየት ካለ ምክንያቱንና አዲሱን ቀን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡ። እኔ አምስት ሳምንት ዘግይቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለነገርኳቸው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስትልኩ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት ከካርቶን ጋር አድርጉት፣ ጥቁር ሽፋን ጭረት ያሳያል። ከታተመው አሥር በመቶ ያህል ለተበላሸና ለጠፋ አስቀሩ። አድራሻ ቀይረው የሚመለሱ ፖስታዎች ይኖራሉ፣ ለየብቻ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡና ለባለቤቶቹ ጻፉላቸው። የእኔ ሣጥን ውስጥ አሁን ሁለት ቀርተዋል። አንዱ ባለቤት ትናንት መለሰልኝ፣ ከሲያትል ወደ ዳላስ ተዛውሮ ኖሯል፤ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት አደርስለታለሁ።